የቤት ኔትወርክ ፋየርዎል፦ ምን ይዘጋል፣ ምን ያልፈዋል፣ እንዴት ይፈተሻል

ፋየርዎል በቤት ኔትወርክ ላይ የሚሠራው ሥራ አንዲት ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ይህን ግንኙነት የጀመረው ማን ነው? ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከጀመረው መልሱ እንዲገባ ይፈቀድለታል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ከሆነ ይጣላል። የቀረው ሴቲንግ ሁሉ የዚህች ጥያቄ ዝርዝር ነው። ይህን የያዘ ሰው ራውተሩ ላይ የማያውቀው ምርጫ ቢያጋጥመው እንኳ «ይሄ ከውጭ ለሚጀመር ግንኙነት በር ይከፍታል ወይስ አይከፍትም?» ብሎ ጠይቆ ይወስናል።

አዲስ ዕቃ ለመግዛት ለሚያስብ አንድ ነገር ላስቀድም። አብዛኛው ቤት ራውተሩ ውስጥ ፋየርዎል አለ፣ በርቷልም። ችግሩ ቀዳዳዎቹ ናቸው። እነሱን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፍታቸው የውጭ ሀከር ሳይሆን የቤቱ ሰው ራሱ ነው፤ አለዚያም ሳሎን የተሰካ ካሜራ ወይም የጌም ማጫወቻ። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው መጨመር ሳይሆን መዝጋት ነው።

ራውተሩ መልስን ካልተጠራ እንግዳ እንዴት ይለያል

ኢንተርኔት ላይ የሚጓዝ ዳታ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ የላኪው አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩ)፣ የተቀባዩ አይፒ አድራሻ፣ የላኪው ፖርትና የተቀባዩ ፖርት ተጽፏል። ፖርት ከ0 እስከ 65535 ያለ ቁጥር ሲሆን፣ ፓኬቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ፕሮግራሞች ለየትኛው እንደመጣ ያመለክታል። ደጋግመው የሚነሱት ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦ 443 ለተመሰጠረ ድረ ገጽ፣ 53 ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ለሚቀይረው)፣ 22 ለኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ በተመሰጠረ መንገድ ማዘዣ)፣ 23 ለቴልኔት (ያልተመሰጠረ የድሮ ማዘዣ)፣ 445 ለዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ፣ 3389 ለዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ።

አድራሻው 192.168.1.20 የሆነ ላፕቶፕ ድረ ገጽ ሲከፍት ለራሱ ጊዜያዊ ፖርት ይይዛል፤ 51544 ነው እንበል። ከዚያ የመጀመሪያውን ፓኬት ወደ ሰርቨሩ 443 ፖርት ይልካል። ራውተሩ ፓኬቱን ሲያሳልፍ የግንኙነት ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ከዚህ አድራሻና ፖርት፣ ወደዚያ አድራሻና ፖርት። መልሱ ሲመጣ አራቱም ቁጥሮች ከመስመሩ ጋር ይመሳከራሉ። ከገጠሙ ይገባል። የሚገጥመው መስመር የሌለው ፓኬት ግን ይወድቃል። ራውተሮች ላይ «ኤስፒአይ ፋየርዎል» ተብሎ የሚታየው ምርጫ ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ በርቶ ይሁን። ኢንተርኔት ያፈጥናል ብሎ እንዲጠፋ የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት።

ፓኬቶች የሚላኩባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ ቲሲፒና ዩዲፒ። ቲሲፒ ግንኙነት ሲጀመርም ሲዘጋም ምልክት ስላለው ራውተሩ መስመሩን መቼ እንደሚሰርዝ ያውቃል። ዩዲፒ ግን መዝጊያ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ራውተሩ በሰዓት ይመራል። ሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ራውተሮች መልስ ያላገኘን የዩዲፒ መስመር እንደተለመደው በ30 ሰከንድ ያጠፉታል። የኢንተርኔት ስልክ ወይም ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ የተመሰጠረ መተላለፊያ) ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ከውጭ የሚመጣውን መስማት ሲያቆም፣ እናንተ ስትደውሉ ግን በደንብ ሲሠራ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔው ፖርት መክፈት አይደለም። ፕሮግራሙ በየተወሰነ ሰከንድ ባዶ ፓኬት እየላከ መስመሩን በሕይወት እንዲያቆይ ማድረግ ነው፤ ለዋየርጋርድ ቪፒኤን የተለመደው ቁጥር 25 ሰከንድ ነው።

ከሰንጠረዡ ጎን ለጎን ኤንኤቲ የሚባለው የአድራሻ ልወጣ አለ። በ192.168 እና በ10 የሚጀምሩ፣ እንዲሁም ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉ አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ የተተዉ ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ አይታወቁም። ራውተሩ ወደ ውጭ በሚወጣ ፓኬት ላይ የራሱን አድራሻ ይተካና ሲመለስ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከውጭ ሳይጠራ የመጣ ፓኬት ለማን እንደሚደርስ ስለማይታወቅ መንገድ ላይ ይቀራል። በውጤት ፋየርዎል ይመስላል፤ የተሠራው ግን ለመከላከያ አይደለም። እስካሁን ያየናቸው አድራሻዎች አይፒቪ4 ይባላሉ፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት አይፒቪ6 ላይ ነው።

ራውተሩ ውስጥ ገብቶ መዝጋት

ራውተሩን ከተቻለ በኬብል ተገናኝታችሁ ክፈቱት፤ ሴቲንግ ስትቀይሩ ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንኳ ከበሩ ውጭ አትቀሩም። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ካልሆነ በአይፎን የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍቱ «ራውተር» በሚለው ሥር፣ በአንድሮይድና በዊንዶውስ ደግሞ «ጌትዌይ» በሚለው ሥር ይገኛል። ያንን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጻፉት።

መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰራጨው ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ረቂቅ ጥበብ አልነበረውም። በ23 እና በ2323 ፖርት ቴልኔት እያንኳኳ ከፋብሪካ የወጡ ስምና ፓስወርዶችን ይሞክር ነበር፤ በዚያ ብቻ እጅግ ብዙ ካሜራና ራውተር በቁጥጥሩ ሥር አዋለ።

ቀጥሎ የርቀት አስተዳደርን ፈልጋችሁ አጥፉ። «ሪሞት ማኔጅመንት» ወይም «ዋን አክሰስ» ይባላል። ይህ ክፍት ከሆነ የራውተሩ መግቢያ ገጽ ለዓለም ሁሉ ይታያል፤ ፓስወርዱ ቢጠነክርም ፈርምዌሩ (ራውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ላይ አንድ ስህተት ከተገኘ በቂ ነው። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን የዋይፋይ አቋራጭ መገናኛም አጥፉ። ዋይፋዩ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ ይሁን። ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ የተጻፈው አድራሻ እናንተ ያስገባችሁት ወይም ከአገልግሎት ሰጪው የመጣ መሆኑንም ተመልከቱ። የማታውቁት ቁጥር ካለ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሳችሁ ከመጀመሪያው አዋቅሩት፤ እዚያ የገባ ሰው ሌላም ነገር ነክቶ ይሆናል።

አሁን ዋናው ጉድ ላይ ደረስን፤ ዩፒኤንፒ። ይህ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ራውተሩን «ይህን ፖርት ክፈትልኝ» እንዲለው የሚያስችል አሠራር ነው። ራውተሩም ፓስወርድ ሳይጠይቅ፣ ለባለቤቱም ሳያሳውቅ ይከፍትለታል። የተሠራው ጌምና የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራሞች ያለ ጣጣ እንዲሠሩ ነው። ነገር ግን የጠየቀው የጌም ማጫወቻ ይሁን የካሜራ መቅጃ ወይስ አንድ ሰው ሳያውቅ የጫነው ማልዌር፣ ራውተሩ አይለይም። በርካታ የካሜራ መቅጃዎች ገና እንደተሰኩ የራሳቸውን መግቢያ ገጽ ወደ ውጭ የሚከፍቱት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት ራውተሩ ላይ የዩፒኤንፒ ዝርዝር ካለ ተመልከቱት፤ ማን ምን እንዳስከፈተ እዚያ ይታያል። ከዚያ አጥፉት።

ካጠፋችሁ በኋላ ምን ይበላሻል? ድረ ገጽ፣ ቪዲዮ፣ የቪዲዮ ጥሪ፣ ኢሜይል፣ ምንም አይነካቸውም፤ ሁሉም ከውስጥ ይጀመራሉና። የጌም ማጫወቻው ግን የኤንኤቲ ዓይነቱ «ስትሪክት» ሆነ ብሎ ሊያማርር፣ ከአንዳንድ ተጫዋቾች ጋርም አልገናኝ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ዩፒኤንፒን መልሶ ከማብራት ይልቅ ለዚያ ዕቃ ብቻ የሚያስፈልገውን ፖርት በእጅ መክፈት ይሻላል። ለምሳሌ ኤክስቦክስ የሚጠቀመው 3074ን ነው።

ፖርት መክፈት ግድ ሲሆን

«ፖርት ፎርዋርዲንግ» የሚባለው ከውጭ በአንድ ፖርት የመጣን ሁሉ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ዕቃ ማሳለፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሽባቸው መንገዶች ግን ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃው ቋሚ አድራሻ ይኑረው። ራውተሩ ዲኤችሲፒ (ለዕቃዎች አይፒ አድራሻ የሚያድለው) በሚለው ክፍል የዕቃውን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን መለያ፣ ከአንድ አይፒ ጋር ማሰር ይቻላል። ይህ ካልተደረገ ከቀናት በኋላ አድራሻው ለሌላ ዕቃ ይሰጥና ለጌም ማጫወቻ የተከፈተው ቀዳዳ የልጆቹ ላፕቶፕ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የውጭውን ፖርት፣ የውስጡን ፖርትና ቲሲፒ ወይስ ዩዲፒ እንደሆነ ሙሉ። ሁለቱንም የሚለውን የምትመርጡት ሁለቱም በእርግጥ ሲያስፈልጉ ብቻ ነው። ራውተሩ የላኪውን አድራሻ መገደብ ከፈቀደ ገድቡት።

ከዚያ «አልሠራም» የሚለው ይመጣል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የራውተሩን የውጭ አድራሻ፣ ማለትም «ዋን አይፒ» የሚለውን ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ አስቀምጧል ማለት ነው። እናንተ የምትከፍቱት ፖርት የእሱን መሣሪያ አያልፍም፤ ራውተሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ብትታገሉ ለውጥ የለም። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ፤ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ሰጪው ሞደም ራሱ ራውተር ሆኖ ይሠራል። ያን ጊዜ ወይ ሞደሙ ወደ ብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ ማሳለፍ ብቻ ወደሚሠራበት ሁኔታ) ይቀየራል፣ ወይ ፖርቱ ሁለቱም ላይ ይከፈታል። አድራሻው ደህና ከሆነ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋየርዎል ከልክሎ እንደሆነ እዩ። ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ ከቤት ዋይፋይ ሆኖ በራስ የውጭ አድራሻ መሞከር ነው። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለስን መንገድ አይደግፉም፤ ከውጭ በደንብ እየሠራ ከውስጥ የሞተ ይመስላል።

ተስፋ ሲቆረጥ ብዙ ሰው የሚዳስሰው ምርጫ ዲኤምዜድ ነው። የቤት ራውተር ላይ ይህ ማለት የማንም ያልሆነ ገቢ ፓኬት በሙሉ፣ በሁሉም ፖርት፣ ወደ አንድ ዕቃ ይሂድ ማለት ነው። ዕቃው ከሌላው ኔትወርክ ተለይቶ አይቀመጥም፤ እሱ ከተያዘ ሌላውም ጎረቤቱ ነው። ለሙከራ በርቶ ተረስቶ የቀረ ዲኤምዜድ የተለመደ ነገር ስለሆነ የእናንተንም ተመልከቱ።

በምንም ምክንያት ወደ ውጭ መከፈት የሌለባቸው 3389፣ 445፣ 23 እና የካሜራ መግቢያ ገጾች ናቸው። «የውጭውን ቁጥር ቀይሬ 53389 አድርጌዋለሁ» የሚል አለ። ይህ ሎጉ (ራውተሩ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ላይ ያለውን ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ በተባለው መሣሪያቸው የአይፒቪ4 አድራሻዎችን በሙሉ በአንድ ፖርት ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ከአንድ ኮምፒውተር መቃኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ መደበቂያ ቁጥር የለም።

ከውጭ ሆኖ የቤት ኮምፒውተር ላይ መድረስ የሚያስፈልገው ሰው አንድ በር ብቻ ይክፈት፤ እሱም ቪፒኤን ይሁን። እኔ የምመርጠው ዋየርጋርድን ነው። የተለመደው ፖርቱ ዩዲፒ 51820 ነው፤ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ፓኬት ምንም መልስ ስለማይሰጥ ለሚቃኝ ሰው ፖርቱ መከፈቱ እንኳ አይታየውም። ቪፒኤኑ ከተገናኘ በኋላ ሪሞት ዴስክቶፑም፣ ፋይል መጋሪያውም፣ ካሜራውም ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ይሠራሉ። በርካታ አዳዲስ ራውተሮች ይህን ውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ።

አይፒቪ6 የሚረሳው በር

በአይፒቪ6 እያንዳንዱ ላፕቶፕ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ዓለም አቀፍ አድራሻ ይኖረዋል። የአድራሻ ልወጣ የለም፤ ስለዚህ በኤንኤቲ ምክንያት በነጻ ይገኝ የነበረው መከላከያ የለም። ከውጭ የመጣውን የሚያቆመው የራውተሩ አይፒቪ6 ፋየርዎል ብቻ ነው። አንዳንድ ራውተር ላይ ይህ ከአይፒቪ4ው የተለየ ገጽ ላይ፣ በተለየ ቁልፍ ነው ያለው። «ከውጭ ወደ ውስጥ የሚጀመር ይከልከል» የሚለው መብራቱን ካላረጋገጣችሁ የላይኛውን ሁሉ ዘግታችሁ ጓሮውን ክፍት ልትተዉ ትችላላችሁ።

ወዲያው ደግሞ ሁሉንም መዝጋት ሌላ ችግር ያመጣል። አይሲኤምፒቪ6 የተባለው የመልእክት ዓይነት በአይፒቪ4 ዘመን እንደለመድነው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ አይችልም። በአይፒቪ6 መንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች ትልቅ ፓኬት አይቆራርጡም፤ «ፓኬቱ በዝቷል፣ አሳንስ» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳሉ። ይህ መልእክት ከተዘጋ ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ ትንንሽ ገጾች ይከፈታሉ፣ ፎቶና ፋይል ያለበት ገጽ ግን ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ኢንተርኔቱን ከመርገማችሁ በፊት ይህን ደንብ ፈትሹ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፋየርዎል ለምን አይጠፋም

«ራውተሩ ካለ የዊንዶውሱ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። መልሱ የራውተሩ ፋየርዎል በአንድ ዋይፋይ ላይ ባሉ ሁለት ዕቃዎች መካከል የሚያልፈውን አለማየቱ ነው። የእንግዳ ላፕቶፕ ከእናንተ ኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር ፓኬቱ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የተስፋፋው እንዲህ ነው፤ በ445 ፖርት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው በዚያው ዓመት መጋቢት ነበር፤ ያላዘመኑት ተያዙ። በተጨማሪም ላፕቶፕ ከቤት ይወጣል። አየር ማረፊያ ዋይፋይ ላይ የቤት ራውተራችሁ አይከተላችሁም።

ዊንዶውስ ፋየርዎሉን ሳይጠየቅ አብርቶ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ብላስተር የተባለው ትል በ135 ፖርት ብዙ ኮምፒውተር አጥቅቶ ነበር። አሁን «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን» ስትከፍቱ ሦስት ክፍል ታያላችሁ፦ ዶሜይን (የድርጅት ኔትወርክ)፣ ፕራይቬት፣ ፐብሊክ። ሦስቱም የበሩ ይሁኑ። ኮምፒውተሩ የትኛው ላይ እንዳለም «አክቲቭ» ይላል። ፕራይቬት የሚመረጠው በዚያ ኔትወርክ ላይ ፋይል ወይም ፕሪንተር የምትጋሩ ከሆነ ነው። ካልተጋራችሁ ቤትም ቢሆን ፐብሊክ ላይ መተው ምንም አያጎድልም። «ፕሪንተሬ ጠፋ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ፐብሊክ ላይ በመሆኑ ነው፤ ፋየርዎሉን ማጥፋት ሳይሆን ዓይነቱን መቀየር ይበቃል።

አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነሳ የሚመጣው መስኮት ላይ ተጠንቀቁ። የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ይጠቀም ወይ ብሎ አይደለም፤ ሌሎች ወደ እሱ ይግቡ ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ሰርቨር ካልሆነ ብትከለክሉትም አብዛኛው ፕሮግራም ይሠራል። ነገር ግን «ካንስል» ስትሉ ዊንዶውስ ዝም አይልም፤ የሚከለክል ደንብ ይጽፋል። በዊንዶውስ ፋየርዎል ደግሞ የሚከለክል ደንብ ከሚፈቅድ ደንብ ይበልጣል። በኋላ የሚፈቅድ ደንብ ደጋግመው ጨምረው «አሁንም አልሠራም» የሚሉ ሰዎች መንስኤው ይህ ነው። «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢንባውንድ ሩልስ» ክፈቱ፣ በፕሮግራሙ ስም ያለውን ቀይ ምልክት ያለበትን ደንብ ሰርዙ፣ ከዚያ አንድ የሚፈቅድ ደንብ ይበቃል። ነገሩ ተበላሽቶ ወደ መነሻ ለመመለስ ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ «ኤክስፖርት ፖሊሲ» በሚለው ደንቦቹን በፋይል አስቀምጡ፤ መመለሱ በእጅ የጻፋችሁትን ሁሉ ይደመስሳል።

በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ «የተፈቀዱትንም ጨምሮ ገቢውን ሁሉ ዝጋ» የሚል ሳጥን አለ። በሰው ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ ምልክት አድርጉበት። ብራውዘርና ኢሜይል እንዳሉ ይሠራሉ።

ማክ ላይ ፋየርዎሉ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «ሲስተም ሴቲንግስ» ከዚያ «ኔትወርክ» ከዚያ «ፋየርዎል» ብላችሁ አብሩት። አሠራሩ በፖርት ሳይሆን በመተግበሪያ ነው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፊርማ ያላቸው ፕሮግራሞች ሳይጠየቁ ገቢ እንዲቀበሉ የሚፈቅዱ ምርጫዎች አሉ፤ ጥብቅ ለማድረግ የሚፈልግ የወረዱትን የሚመለከተውን ያጥፋ። «ስቴልዝ ሞድ»ም እዚያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ለፒንግ («አለህ ወይ?» ለሚል የኔትወርክ ጥያቄ) መልስ እንዳይሰጥ ያደርጋል።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባል ፋየርዎል ተጭኖ ይመጣል፣ ግን አልበራም። ሲበራ ገቢውን ይዘጋል፣ ወጪውን ይፈቅዳል። ኮምፒውተሩን በኤስኤስኤች ከሩቅ የምታስተዳድሩ ከሆነ 22ን ፍቀዱ፣ ከዚያ ብቻ አብሩ፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ወደ ማሽኑ በእግር መሄድ ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ዶከር የራሱን ደንብ በቀጥታ ስለሚጽፍ ወደ ውጭ ያወጣው ፖርት ዩኤፍደብሊው ዘግቶታል ብላችሁ ስታስቡ ክፍት ይሆናል። ፖርቱን በ127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ ማሰር ይፈታዋል።

ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሁሉ በፕሮግራም በፕሮግራም መቆጣጠር ይገባል ወይ? ለኮምፒውተር አይመስለኝም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ፋየርዎል ባለቤቱን ሳያነብ «እሺ» ማለት ያስተምረዋል። ለካሜራና ለመሳሰሉት ግን ራውተሩ ላይ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ መከልከል ዋጋ አለው፤ ቤት ውስጥ ብቻ የሚቀዳ ካሜራ ውጭ የሚሄድበት ጉዳይ የለውም።

ካሜራ፣ ቴሌቪዥንና አምፖል ለብቻ

አምራቹ ማዘመን ያቆመውን ዕቃ ማንም ፋየርዎል አያድነውም፤ ቢያዝ ግን ከላፕቶፑ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ይቻላል። ቀላሉ መንገድ የእንግዳ ዋይፋዩን አብርቶ እነዚህን ዕቃዎች እዚያ ላይ ማገናኘት ነው። ራውተሩ ላይ ከእንግዳው ወደ ዋናው ኔትወርክ መድረስ የሚፈቅደው ምርጫ የጠፋ መሆኑን አረጋግጡ።

የሚበላሸው ነገር ይጠበቃል፤ ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ወደ ቴሌቪዥኑ አልሄድ ይላል፣ ፕሪንተሩም አይታይም። ዕቃዎቹ የሚፈላለጉት በዩዲፒ 5353 በሚሰራጭ ጥሪ ስለሆነና ጥሪው ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ስለማይሻገር ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን የት እንደምታደርጉት አመዛዝኑ። እኔ ፕሪንተሩን ዋናው ላይ አድርጌ ካሜራና አምፖሉን ወደ እንግዳው መላክን እመርጣለሁ።

መፈተሽና ሎግ ማንበብ

ፍተሻው ከውጭ መሆን አለበት። ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጡና በሞባይል ዳታ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉ። መግቢያ ገጹ ከመጣ የርቀት አስተዳደሩ አልጠፋም። ቀጥሎ ፖርት የሚፈትሽ አገልግሎት ተጠቀሙ፤ በስቲቭ ጊብሰን የተሠራው ሺልድስአፕ ከቆዩት አንዱ ነው። ቪፒኤን በርቶ ከሆነ የምትፈትሹት የቪፒኤኑን ሰርቨር ነው፤ አድራሻችሁ ከ100.64 ወገን ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ሰጪውን መሣሪያ ነው፤ ውጤቱ ስለ ቤታችሁ አይናገርም።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው። «ክፍት» ማለት አንድ ፕሮግራም መልስ እየሰጠ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ እስክታውቁ አትተኙ። «ዝግ» ማለት ማሽኑ አለ፣ ግን በዚያ ፖርት የሚሰማ ፕሮግራም የለም፤ አደጋ አይደለም። መልስ ጭራሽ ካልመጣ ፋየርዎሉ ፓኬቱን ጥሎታል። በ«ዝግ» እና ጭራሽ መልስ በማይመጣበት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይወራለታል፤ ለቤት ግን ጉዳዩ ክፍት መኖሩና አለመኖሩ ነው። ከውስጥ ሆናችሁም ኤንማፕ በተባለው የመቃኛ ፕሮግራም ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ያለውን ቃኙ፤ የረሳችሁት ዕቃ ብቅ ይላል። የሰው ኔትወርክ መቃኘት ግን ሊያስጠይቅ ይችላል።

የራውተሩን ሎግ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ይደነግጣል፤ ከየአገሩ በየደቂቃው ይንኳኳል። ማንም እናንተን ለይቶ አልመጣም፤ ማሽኖች ሁሉንም አድራሻ በተራ እየቃኙ ነው፣ የወደቀውም ወድቋል። ሎግ ውስጥ የሚፈለገው ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አንድ ካሜራ ሌሊት ላይ ወደማይታወቁ ብዙ አድራሻዎች በ23 ፖርት ሲሞክር ካያችሁ ኬብሉን ንቀሉ፣ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱት፣ ፈርምዌሩን አዘምኑት፣ ከዚያ ፓስወርድ ቀይሩ። ዊንዶውስ ላይ የተጣሉ ፓኬቶች ሎግ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በ«አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ የፋየርዎሉን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ «ሎጊንግ» ሥር ይበራል፤ መጠኑ 4096 ኪሎባይት ሆኖ ስለሚመጣ ቶሎ ይሞላል፣ እስከ 32767 ማሳደግ ይቻላል።

የሚያልፈው

መጀመሪያ ወዳነሳነው ጥያቄ ብንሄድ ፋየርዎል የማያቆመው ነገር ግልጽ ነው፤ ከውስጥ የተጀመረውን ሁሉ። በኢሜይል የመጣን ፋይል ከፍታችሁ ማልዌር ቢጫን፣ እሱ ወደ ጌታው የሚደውለው በ443 ነው፤ ለፋየርዎሉ ከድረ ገጽ አይለይም፣ ይዘቱም የተመሰጠረ ነው። «ከኮምፒውተር ድርጅት ነው የምደውለው» ብሎ የርቀት መርጃ ፕሮግራም የሚያስጭን አጭበርባሪም አንድም ፖርት አያስከፍትም። ፕሮግራሙ ከቤት ወደ ውጭ ስለሚገናኝ ሰንጠረዡ ላይ ሕጋዊ መስመር አለው። ለእነዚህ ያለው መከላከያ የተዘመነ ሲስተም፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው የዕለት አካውንትና ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሁለት የፋየርዎል ፕሮግራም ደራርቦ መጫንም እዚህ አይረዳም፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሌላ አምራች የሠራውን ጭናችሁ በኋላ ካራገፋችሁት የዊንዶውሱ ተመልሶ መብራቱን እዩ።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ ራውተሩ ላይ «ባክአፕ» የሚለውን ተጭናችሁ ሴቲንጉን በፋይል አስቀምጡ፣ የዋና ዋናዎቹን ገጾች ፎቶም አንሱ። ከፈርምዌር ማዘመን በኋላ፣ ከፋብሪካ ሴቲንግ መመለስ በኋላ ወይም አገልግሎት ሰጪው ራውተሩን ሲቀይር አራት ነገሮችን ብቻ ደግማችሁ ተመልከቱ፦ ዩፒኤንፒ፣ የርቀት አስተዳደር፣ የአይፒቪ6 ፋየርዎልና የአስተዳዳሪው ፓስወርድ። ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ ሲመለስ ፓስወርዱ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ይሆናል፤ ዩፒኤንፒም ብዙ ራውተሮች ላይ በርቶ ይመለሳል።